የሰርግ ፎቶ ሥልጠና ፍለጋ፦ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን

ዘንድሮ ጥር ላይ ሦስት ሳምንት ደብረ ብርሃን ነበርኩ። የመጣሁት ለዘመድ ሰርግ ነው። ጊዜዬን የወሰደው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የእህቴ ልጅ 22 ዓመቷ ነው፤ የሰርግ ፎቶ አንሺ መሆን ትፈልጋለች። እኔ የምኖርበት አገር ቅዳሜና እሁድ ሰርግ አነሳለሁ፤ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ያገለገለ ካሜራ፣ አንድ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስና አንድ ፍላሽ ይዤላት መጣሁ። ግን እኔ ተመልሼ መሄዴ ነው። እዚያው ሆኖ የሚያስተምራት ሰው ያስፈልጋታል። ስለዚህ አክስትና ልጅ ሥልጠና ፍለጋ ወጣን። ያየነውን እጽፋለሁ፤ አገር ቤት ላለ ወንድም ወይም ለእህት ልጅ ካሜራ የምትልኩ ብዙ ናችሁና።

መጀመሪያ የሞከርነው አዲስ አበባ ነው። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሚኒባሱ ላምበረት ያወርዳል። ማስታወቂያው በሦስት ቀን ሙሉ የሰርግ ፎቶ ሥልጠና ይላል። ክፍያው በሙሉ ቅድሚያ ነው። ስሙን አልጠራም። ክፍሉ ውስጥ 31 ሰው ቆጠርኩ። አሠልጣኙ ዕውቀት አያንሰውም፤ ስለ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ ስለ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ)፣ ስለ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) አንድ በአንድ ተናገረ። ችግሩ ሁሉም ነገር ስላይድ ላይ ነው። ሥልጠናው የሰርግ ተብሎ ነጭ ልብስ አልመጣም፣ ፍላሽ አልበራም፣ ከክፍሉም አልተወጣም። ካሜራ የሌላቸው ልጆች በሁለት ካሜራ ተራ ይጠብቃሉ። የእኛዋ የራሷን ይዛለች፤ እሷም በሦስት ቀን ያነሳችው 11 ፎቶ ብቻ ነው። ካርዱ ላይ አየሁት።

ሁለተኛው ቀን ማታ ገንዘባችን ይመለስልን ብዬ ጠየቅኩ። የተከፈለ አይመለስም አሉኝ። በመጨረሻው ቀን የምስክር ወረቀት ሰጧት። እሷም አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ደብረ ብርሃን እስክንደርስ ቃል አልወጣትም። እኔን ያናደደኝ የእኛ ገንዘብ አይደለም። አጠገባችን የነበሩት አብዛኞቹ ከክፍለ ሀገር የመጡ፣ አልጋ ተከራይተው የሚያድሩ ልጆች ናቸው። እነሱ ያንን ብር ያመጡት ከየት እንደሆነ አስቡት።

ደብረ ብርሃን ስንመለስ ፎቶ ቤቶቹን አንድ በአንድ ዞርን። የመጀመሪያው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው የሚሠራው። ሁለተኛው መብራት የሚሸከም ልጅ እንጂ ተማሪ አልፈለገም። ሦስተኛው ቤት ባለቤቱ ስልሳን የተጠጉ ሰው ናቸው፤ በፊልም ዘመን የጀመሩ። «በጥር መጣችሁብኝ እኮ! ጥር ሰርግ ነው፤ ጊዜ ከየት ላምጣ እህቴ?» አሉኝ። ልጅቷ ግን ካሜራዋን አውጥታ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች አሳየቻቸው። ዝም ብለው አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ «ነገ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነይ ልጄ፤ ቤቱን ለደንበኛ ሳልከፍት እናያለን» አሏት። ሌሎች ሦስት ተማሪዎችም ነበሩ። ክፍያው በየሳምንቱ ነው፤ ያልተስማማው ሳምንቱ ሲያልቅ ይተዋል። ይሄን አከፋፈል በጣም ወደድኩት።

የመጀመሪያውን ቀን ትምህርት ሳልጽፈው አላልፍም። እኔም ጥግ ላይ ወንበር ይዤ ተቀምጬ ነበር። ጋሼ መስኮቱ አጠገብ ሁለት ወንበር አስጠጉ። አንዱ ላይ ጥቁር ኮት ሰቀሉ፤ ሌላው ላይ ነጭ ነጠላ ጣል አደረጉ። «የኮቱ ቁልፍና የነጠላው ሽመና በአንድ ፎቶ ላይ ይታዩኝ» አሉ። በቃ፣ የዕለቱ ትምህርት ይሄ ነው። ልጆቹ ሲያነሱ ነጠላው ወይ ግራጫ ይሆናል፣ ወይ ክሩ ጠፍቶ ወረቀት ይመስላል። ኮቱም ወይ ጉድጓድ ይመስላል፣ ወይ የታጠበ ይመስላል። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ያኔ ምክንያቱን ነገሯቸው፦ ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ይጎትታል። ነጭ ከበዛ ፎቶውን ያጠቁራል፣ ጥቁር ከበዛ ያፈካል። ስለዚህ ቬሎ የሞላው ፎቶ ላይ ብርሃን ጨምሪ፣ ሱፍ የሞላው ላይ ቀንሺ። ሰርግ ማለት ነጭ ቬሎና ጥቁር ሱፍ ጎን ለጎን የሚቆሙበት ቀን ነው። አዲስ አበባ በሦስት ቀን ያልገባት ነገር በአንድ ነጠላ ገባት።

በቀጣዮቹ ቀናት የድንኳን ትምህርት መጣ። ሸራው ሰማያዊ ከሆነ የሰው ፊት ሁሉ ሰማያዊ ነው፤ ቢጫ ከሆነ ቢጫ። መጀመሪያ ድንኳኑ ውስጥ ነጭ ነገር አንስቶ ነጩን ለካሜራው ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ነጠላ ከማንም ትከሻ ላይ አይጠፋም። ስለ ፍላሽም አስተማሯቸው። በብዙ ካሜራ በፍላሽ ሲነሳ የሹተሩ ፍጥነት ከ1/200 ሰከንድ ሲያልፍ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ይጋረጣል፤ ልጅቷ ካሜራው የተበላሸ መስሏት ደንግጣ ነበር። ቀን ከ5 እስከ 8 ሰዓት ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ ዓይን ሥር ጥላ ትጥላለች። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ነው ያለችው፤ ሰማዩ ሲጠራ ብርሃኑ ስለት ነው። ሙሽሮቹን ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ማስገባት ይሻላል። ያ ካልሆነ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥቶ ፊታቸውን በፍላሽ ማገዝ ነው። (የከተማዋ ስም ራሱ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ሰማይ ላይ ታየ ከተባለው ብርሃን የመጣ ነው። ፎቶ መማሪያ ቦታው እዚህ መሆኑ ደስ ይለኛል።)

ሁለተኛው እሁድ ጋሼ ልጅቷን ሰርግ ይዘዋት ሄዱ፤ እኔም ተከተልኩ። ሰርጉ ጠባሴ በኩል ነው። አሁን ከከተማ ራቅ ላለ ሰርግ መጀመሪያ የመንገዱን ሁኔታ መጠየቅ ግድ ሆኗል፤ ይሄኛው ቅርብ በመሆኑ ደስ አለኝ። ተክሊሉ ከቅዳሴ ጋር ስለሆነ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሳን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጋሼ ባትሪዎቹን ከውስጥ ኪሳቸው አወጡ፤ ብርድ ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል። የቤተ ክርስቲያኑን አስተዳዳሪ ቀደም ብለው ፈቃድ ጠይቀዋል። ጫማ ወለቀ፣ ፍላሽ ጠፋ። ሙሽሮቹ ካባ ለብሰው አክሊል ሲደፋላቸው ልጅቷ ከቆመችበት የሴቶች በኩል ንቅንቅ ሳትል አነሳች። የማታውቀው ሰው ጸሎት ላይ እንደቆመች ገብቷታል።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሙሽሪት ቤት ቬሎ ሊለበስ ነው። እዚህ ላይ ወንድ ፎቶ አንሺ በር ላይ ይቀራል። ጋሼም ቆሙና «ግቢ ልጄ» አሏት። የድሮ ጭቃ ቤት ነው፤ ኮርኒሱ ነጭ አቡጀዲ ነው። ልጅቷ ፍላሹን ወደ ኮርኒሱ አዞረችው። አቡጀዲው ብርሃኑን ተቀብሎ እንደ ደመና ቀን ለስልሶ አወረደው። የሙሽሪት አያት ዓይነ ርግቡን ሲያስተካክሉ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሙሽሪት ደግሞ ያንን እጅ ይዛ ትስማለች። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ብቻ ተጫነች። ፎቶውን ሳየው እንባዬ መጣ። እኔ በሰባት ዓመት እንደዚያ ያለ ፎቶ አላነሳሁም።

ያልወደድኩትንም ልናገር። አንደኛ፣ ጋሼ ከደንበኛ ጋር የሚዋዋሉት በቃል ነው፤ ቀብድ ይቀበላሉ፣ የተጻፈ ነገር የለም። በዚህ ምክንያት አልበም ዘገየ የሚል ጭቅጭቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ከልጅቷ ጋር አንድ ገጽ ውል ጻፍን፦ ስንት ፎቶ፣ ስንት ገጽ አልበም፣ በስንት ቀን፣ ቀሪው መቼ ይከፈላል። ጋሼ አነበቡና ኮፒ ጠየቁ።

ሁለተኛው ይከብደኛል። ኤዲት ላይ ጠይም ሙሽራን ማንጣት የተለመደ ሆኗል። ጋሼ ቤትም አለ፤ ደንበኛ ይጠይቃል ይላሉ። ጠይም ልጅ ወስዶ ዱቄት የተነፋባት አስመስሎ መመለስ ግን በደል ነው። ከ30 ዓመት በኋላ ልጇ አልበሙን ሲገልጥ እናቱን አያገኛትም። ስለዚህ ነገር ከልጅቷ ጋር ሁለት ማታ አወራን። ፊቱን ሳታነጣ በብርሃን ማስዋብ እንደሚቻል በራሷ ፎቶ አሳየኋት።

የጋሼን አንድ ልማድ ግን ሁላችሁም ውሰዱት። ከሰርግ እንደተመለሱ እራት ሳይበሉ ካርዱን ወደ ሁለት ሃርድ ዲስክ ይገለብጣሉ። አልበሙ ለሙሽሮቹ እስኪደርስ ካርዱ ላይ ያለው አይሰረዝም። መብራት ሲሄድ ደግሞ ላፕቶፑ በቂ ቻርጅ እንዲኖረው ቀን ላይ ነው የሚሰካው። ያረፍኩበት ሆቴል ንጹሕ ነው፣ ሙቅ ውኃ አለው፤ መብራቱ ግን ይሄዳል፣ ባትሪ የምትሞሉ ቀን ላይ ሙሉ።

ሥልጠና ለምትፈልጉ ወቅቱን ልንገራችሁ፤ እኔ የመጣሁት በተሳሳተ ጊዜ ነው። በጥር ጥሩ ፎቶ አንሺ ሁሉ ሰርግ ላይ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰርግ ይቆማል፤ 55 ቀን ሙሉ ፎቶ ቤቱ ፀጥ ይላል፣ ባለቤቱም የማስተማር ጊዜ ያገኛል። ሁዳዴን የተማረ ልጅ ፋሲካ ሲያልፍ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሰርግ ገብቶ ይለማመዳል። ከመክፈላችሁ በፊት ስንት ሰው በአንድ ካሜራ እንደሚማር፣ እውነተኛ ሰርግ ላይ ይዘዋችሁ እንደሚወጡና ክፍያው በክፍልፋይ መሆኑን ጠይቁ።

ልጅቷ ባለፈው ሳምንት ደወለች። ጋሼ በሚያዝያ ለሚደረጉ ሁለት ሰርጎች ረዳት አድርገው መዝግበዋታል፤ የሙሽሪቶቹ ክፍል የእሷ ነው። «አክስቴ፣ ሁለት ባትሪ ላኪልኝ፤ አንዱ ኪሴ ውስጥ ይሞቃል» አለችኝ። ዛሬ ገዛሁት፤ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው እየፈለግኩ ነው።