የአንበሳውን ጢም ተረት ከልጆቻችን ጋር ለሠሩት ሰዓሊ

የሦስተኛ ክፍል ልጆቻችን ለትምህርት ቤታቸው የወላጆች ቀን ባዘጋጁት የሥዕል ሥራ ከጎናቸው ለቆሙት፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ባለች ጠባብ ሱቃቸው በጨርቅ ላይ ለሚሥሉት አንጋፋ ሰዓሊ በክፍሉ ወላጆች ስም ከፍ ያለ ምስጋና አቀርባለሁ። ተመሳሳይ ሥራ ያሰበ ትምህርት ቤት ወይም የወላጆች ኮሚቴ ካለም ወደ እርሳቸው እንዲሄድ በሙሉ ልብ እጠቁማለሁ።

ለሥራው የተመረጠው ብዙዎቻችን በልጅነታችን የሰማነው የእንጀራ እናትና የአንበሳው ጢም ተረት ነው። የእንጀራ ልጇ አልቀርብም ያላት ሴት መላ ፍለጋ ወደ አንድ አዋቂ ዘንድ ስትሄድ፣ ከሕያው አንበሳ ጢም ሦስት ፀጉር ነቅላ እንድታመጣ ያዝዛታል፤ እርሷም በየዕለቱ ሥጋ እያስቀመጠች፣ በየዕለቱም ጥቂት እየተጠጋች አውሬውን ታለምደዋለች። መምህራኑ ያሰቡት፣ የንግሥተ ሳባ ታሪክ በ44 ሥዕሎች ተደርድሮ እንደሚታይበት የታወቀ የአገራችን አሣሣል፣ ይህን ተረት በ12 ክፍሎች ከፍለው በአንድ ትልቅ ጨርቅ ላይ ለማስፈር ነበር።

አስቀድመን ያነጋገርነው ሌላ ባለሙያ ሥዕሉን ራሱ ጨርሶ ልጆቹ ከሥሩ ስማቸውን ብቻ እንዲጽፉ ሐሳብ አቅርቦልን ነበር። በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን «የልጆች ሥራ» አስተውሎ ያየ ወላጅ በዚህ የሚደነቅ አይመስለኝም። እኚህ ሰዓሊ ግን ልጆቹ ራሳቸው ካልሣሉ ሥራውን እንደማይቀበሉ ገና ከመነሻው ነገሩን። አቡጀዴውን በእንጨት ላይ መወጠሩን፣ ኮላና ጄሶ በጥብጦ መቀባቱንም ከልጆቹ ጋር ሠሩት፤ በልጆቹ መስመር ላይ ግን እጃቸውን አላሳረፉም፤ የተንጋደደው ጎጆ እንደተንጋደደ ቀርቷል።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ስለ ዓይን ላስተማሩት ትምህርት ነው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ደጋጎች ሙሉ ፊታቸው ከሁለት ዓይናቸው ጋር ሲሣል፣ ክፉዎች በጎን ሆነው በአንድ ዓይን ብቻ እንደሚታዩ ለልጆቹ አስረዷቸው። አንዲት ተማሪ ወዲያው «ታዲያ ጋሼ፣ አንበሳው ስንት ዓይን ይኑረው?» ብላ ጠየቀች። እርሳቸውም «ሴትዮዋ ስትፈራው ነው ወይስ ከለመደችው በኋላ የምትሥይው?» ሲሉ ጥያቄውን መለሱላት። በዚህም ምክንያት አንበሳው በመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች በጎን ባለ አንድ ዓይን ሲሆን፣ ጢሙ በሚነቀልበት ሥዕል ላይ ሁለቱን ዓይኖቹን አፍጥጦ ተመልካቹን ያያል። ክርክሩ የበረታው ግን በእንጀራ ልጁ ላይ ነበር፤ ገሚሱ ባለ አንድ ዓይን ይሁን ሲል፣ ገሚሱ እናቱ የሞተችበት ልጅ ክፉ ሊባል አይገባም አለ። ልጆቹ በመጨረሻ የተስማሙበት መላ እኔን በግሌ እጅግ አስደንቆኛል፦ ልጁ በር ጀርባ ተደብቆ በአንድ ዓይኑ ሲያጮልቅ ሣሉት። ሰዓሊው ይህን ሲያዩ ምንም አላሉም፤ የጥቁር ቀለሙን ቆርቆሮ ብቻ አቀበሏቸው።

ስለ አሠራራቸውም ጥቂት ልበል። የድካማቸውን ዋጋ ከጨርቁና ከቀለሙ ወጪ ለይተው አስቀድመው በወረቀት ጽፈው ሰጡን፤ በኋላም የጨመሩት ነገር የለም። ቀለም ሳይደርቅ ሌላ ቀለም ስለማይደርቡ ሥራቸው ዝግ ያለ ነው፤ በሦስት ቀን እንዲያልቅለት የሚፈልግ ሰው ባይሞክራቸው ይሻላል። ሲሠሩ ስልካቸውን ስለሚዘጉ መደወል የሚሻለው ማምሻውን ነው። አድራሻቸውን ለሚፈልግ፣ እርሳቸው ስለፈቀዱልኝ፣ በውስጥ መስመር እልካለሁ፤ የዓመቱ መዝጊያ በዓላት በሰኔ ስለሚደራረቡም ቢያንስ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ቢያነጋግሯቸው መልካም ነው።