አፓቺ ወይስ ኢንጂንኤክስ? የድርጅትዎን ፎልደር ማን ይቆልፍልዎ

ጅማ ውስጥ ድረ ገጽ የሚያሠሩ ቡና ላኪዎችና ሆቴሎች ሆስቲንግ (የድረ ገጽ ማስቀመጫ ሰርቨር) ሲገዙ የሚጠይቁኝ ስለ ዋጋና ስለ ፍጥነት ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቃቸው የውል ፎልደሩንና የአስተዳዳሪ ገጹን ለውጭ ሰው የሚዘጋው ማን እንደሆነ ነው። አፓቺና ኢንጂንኤክስ ድረ ገጽን ለጎብኚ የሚያቀርቡ የሰርቨር ሶፍትዌሮች ናቸው፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ይህ ጥያቄ ነው።

ሼርድ ሆስቲንግ፣ ማለትም ከሌሎች ድረ ገጾች ጋር የሚጋሩት ሰርቨር፣ ከገዙ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት አፓቺን ወይም የአፓቺን ሕግ የሚያነበውን ላይትስፒድን ነው። ፎልደሩ ውስጥ ኤችቲአክሰስ (.htaccess) የምትባል የሕግ ፋይል አስቀምጠው «ሪኳየር ኦል ዲናይድ» (Require all denied፣ ለሁሉም ክልክል) ብለው ይጽፋሉ፤ ወዲያው ይዘጋል። ሰርቨር ማስነሳት የለም፣ ከሲፓነል (ከሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ገጽ) በስልክም ይሠራል። ጉዳቱ፣ አፓቺ ላይ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ፎልደሩና ከሥሩ ያለው ሁሉ 500 ስህተት ያወጣል። ደግሞ በ2012 የወጣው አፓቺ 2.4 የሕጉን አጻጻፍ ቀይሯል፤ «ኦርደር፣ አላው፣ ዲናይ» የሚል የቆየ ማስተማሪያ ካዩ ከአዲሱ ጋር አይቀላቅሉት።

ኢንጂንኤክስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቪፒኤስ፣ ማለትም ለብቻዎ ከሚከራዩት ቨርቹዋል ሰርቨር ጋር ነው። ሕጉ የሚጻፈው በሰርቨሩ ዋና ማዋቀሪያ ውስጥ ስለሆነ ሊኑክስ (ሰርቨሩ የሚሠራበትን ሲስተም) የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። እዚህ የምወድለት ነገር አለ፦ የተሳሳተ ማዋቀሪያ ሪሎድ ቢደረግ (እንደ አዲስ እንዲያነበው ቢታዘዝ) አይቀበለውም፣ በቀድሞው መሥራቱን ይቀጥላል። ነገር ግን ሕጎቹን ከላይ ወደ ታች አንብቦ መጀመሪያ በገጠመው ይፈርዳል። «ዲናይ ኦል» ከላይ ከዋለ ከሥሩ የፈቀዱት ሁሉ ዋጋ የለውም። ከዚህ የባሰው የፒኤችፒ (ብዙ ድረ ገጾች የሚጻፉበት የፕሮግራም ቋንቋ) ጉዳይ ነው። የአስተዳዳሪ ፎልደሩን ዘግተው፣ የፒኤችፒ ፋይሎችን የሚያስተናግደው ሕግ ለብቻው በሬጌክስ (በአድራሻ ንድፍ) ከተጻፈ፣ የፎልደሩ ፒኤችፒ ገጾች በዚያ በኩል ሊከፈቱ ይችላሉ።

አንድ ጊዜ የደንበኛዬን ድረ ገጽ ከአፓቺ ወደ ኢንጂንኤክስ አዛወርኩ። ኤችቲአክሰሷ በቦታዋ አለች፣ ኢንጂንኤክስ ግን ጨርሶ አያነባትም። ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ የገዢዎች ውል የነበረበት ፎልደር ክፍት ሆነ። ስደርስበት ደነገጥኩ፤ ከዚያ ወዲህ ሳልፈትሽ ያስረከብኩት ሥራ የለም።

«ከሄርማታው ቢሮዬ ብቻ ይከፈት» ለሚሉም፣ ቋሚ አይፒ (የማይቀየር የኢንተርኔት አድራሻ) ከሌለዎት በሁለቱም አይመከርም። አድራሻው ሲቀየር ራስዎ ውጭ ይቀራሉ። በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረ ግንኙነት) ላይ የይለፍ ቃል መጠየቅ ይሻላል፤ ሁለቱም ይችሉታል።

ቋሚ ባለሙያ የሌለው ሱቅ፣ ክሊኒክ ወይም ፔንሲዮን ሼርድ ሆስቲንጉን ከነአፓቺው ይውሰድ፤ ይህን ሳላመነታ ነው የምለው። ሊኑክስ የሚያውቅ ሰው በደመወዝ ከቀጠሩና ብዙ ጎብኚ ካለዎት ቪፒኤስና ኢንጂንኤክስ ያዋጣዎታል። የትኛውንም ቢገዙ፣ ሥራውን ሲረከቡ የቢሮውን ዋይፋይ አጥፍተው በስልክ ዳታ ፎልደሩ ውስጥ ያለ የአንድ ፋይል አድራሻ ይክፈቱ። 403 (መግባት ክልክል ነው የሚል መልስ) ወይም የይለፍ ቃል መጠየቂያ ካልመጣ የመጨረሻውን ክፍያ አይልቀቁ።