የክራንክል 9 ወይስ የአርናውቶቪች 7? ማሊያ ልትገዙ ላላችሁ

ቪየና ስለምኖር ኳስ የሚወዱ ጓደኞቼ አንድ ጥያቄ አይለቁኝም። «የኦስትሪያ ማሊያ ላክልኝ፤ ግን የማን ይሻላል?» ነገሩ ሁሌ ሁለት አጥቂዎች ላይ ያርፋል፦ ሃንስ ክራንክልና ማርኮ አርናውቶቪች። መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ክራንክልን ግዙ። ግን «የ1978 ኦሪጅናል» የሚሏችሁን አትንኩ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

ይህን ያወቅኩት ከፍዬበት ነው። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ውስጥ ቀይ ማሊያ አየሁ። ጀርባው ላይ 9 ቁጥር፣ ከቁጥሩ በላይ የክራንክል ስም አለ። ሻጩ በአርጀንቲናው ዓለም ዋንጫ ጊዜ የተሠራ ነው ብሎ ማለልኝ። 180 ዩሮ አለ፤ ተከራክሬ በ120 ወሰድኩት። ቤት ስደርስ ደረጃው ላይ ጎረቤቴን አገኘኋቸው። 70 ያለፋቸው፣ የቪየናው ክለብ የራፒድ ደጋፊ ናቸው። ማሊያውን ገልበጥ አድርገው አዩና «ልጄ፣ ያኔ ማን ስሙን ጀርባው ላይ ጽፎ ይጫወት ነበር?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በዓለም ዋንጫ ማሊያ ላይ የተጫዋች ስም መጻፍ የተጀመረው በ1994 ነው። 120 ዩሮዬን ውሃ በላው።

ከዚያ በኋላ «ሬትሮ» (በድሮው አምሳያ የተሠራ) ተብሎ በግልጽ የሚሸጠውን፣ አዲስ የተሰፋውን የክራንክል ማሊያ ገዛሁ። 45 ዩሮ። ቁጥሩ ከጨርቅ ተቆርጦ የተሰፋ ነው፤ የተለጠፈ አይደለም። ሁለት ዓመት ተኩል ታጥቦ አንድ ክር አልተፈታም።

ክራንክል ደግሞ ይገባዋል። በ1977/78 ለራፒድ 41 ጎል አግብቶ የአውሮፓ ሊጎች ኮከብ ግብ አግቢ የሚሸለመውን የወርቅ ጫማ ወሰደ። ጁን 21 ቀን 1978 በአርጀንቲናው ዓለም ዋንጫ ኮርዶባ ከተማ ላይ ኦስትሪያ ከጀርመን ጋር ተጫወተች። ኦስትሪያ ከውድድሩ ቀድማ ወድቃለች። ጀርመን የዓለም ሻምፒዮን ናት። ክራንክል ሁለት ጎል አገባ፤ 3ለ2 አለቀ። ኦስትሪያ ጀርመንን ስትረታ ከ1931 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። የሬዲዮ ጋዜጠኛው ኤዲ ፊንገር «ላብድ ነው!» ብሎ የጮኸው ዛሬም በሰው አፍ ላይ አለ። ጎረቤቴ ያችን ሦስተኛ ጎል ሲያወሩ አሁንም ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። ክራንክል በዚያው ክረምት ባርሴሎና ገባ፤ በመጀመሪያ ዓመቱ 29 ጎል አግብቶ የስፔን ሊግ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። በ1979 ባዝል ላይ የአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫን ፎርቱና ዱሰልዶርፍን 4ለ3 አሸንፈው ሲወስዱም አንዷ የእሱ ነበረች። የባርሳውን ከፈለጋችሁ ደረቱን እዩ። የድርጅት ማስታወቂያ ካለበት ጥላችሁት ሂዱ፤ ያኔ የባርሳ ማሊያ ደረቱ ባዶ ነበር።

አርናውቶቪችም ትልቅ ተጫዋች ነው። በስቶክና በዌስትሃም ሁላችንም አይተነዋል። ኦክቶበር 2025 ሳን ማሪኖን 10ለ0 ሲያሸንፉ አራት ጎል አግብቶ የቶኒ ፖልስተርን የብሔራዊ ቡድን ክብረ ወሰን፣ 44 ጎል፣ አልፏል። የኔ ጣጣ ከማሊያው ጋር ነው። አዲሱን እዚህ 100 ዩሮ ደርሶ አይቼዋለሁ። ስምና ቁጥር ሲታተምበት 20 ይጨመራል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ሌላ ዲዛይን ይመጣል።

«ታዲያ ርካሹን ልግዛ» ካላችሁ የአጎቴን ልጅ ስሙት። የአርናውቶቪችን ፎርጅድ ማሊያ ከኢንተርኔት በ35 ዩሮ ገዛ፤ መላኪያ 8። ሁለተኛው እጥበት ላይ የ7ቱ ጫፍ ተላጠ። የኬክ መጋገሪያ ወረቀት ከላዩ አድርጌ ቀስ ብዬ ተኮስኩለት። ሳምንት ሳይሞላ ቁጥሩ ሙሉ በሙሉ ለቀቀ። አውልቆ እንደገና ለማሳተም 18 ዩሮ ተጠየቀ። ደምሩት፤ 61 ዩሮ ለፎርጅድ! በ16 ዩሮ ባነሰ ዋጋ የተሰፋ ክራንክል ይገኝ ነበር።

ካለ አርናውቶቪች አይሆንም የምትሉ አዲስ ማሊያ እስኪወጣ ጠብቁ። የድሮው ያኔ ዋጋው ይወርዳል፤ እኔ በ55 አግኝቻለሁ። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ገልብጣችሁ ከውስጥ እዩት። አርማው ዙሪያ ክሩ ተዝረክርኮ ከተንጠለጠለ መልሱለት።

ሬትሮው ትንሽ ጠበብ ይላል። ኤም የምትለብሱ ኤል ብላችሁ እዘዙ።