ሰንጢ ስትገዙ፦ የማይዝግ ብረት ወይስ የካርቦን ብረት?

በጎንደር ቅዳሜ ገበያ ርካሽ ሰንጢ የሚገዛ ሰው ስለቱን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፣ መታጠፊያውን ከፍቶ ይዘጋል፣ ሒሳቡን ይከፍላል። ብረቱ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ዝገት፦ የማይዝገው ቢያንስ 10.5 በመቶ ያህል ክሮሚየም (ዝገትን የሚከላከል ማዕድን) ስላለው የክረምቱን እርጥበት ይችላል። በካርቦን ብረቱ ሎሚ ቆርጣችሁ ሳትወለውሉት ካደረ ጠዋት ጠቁሮ ታገኙታላችሁ። ጥቁረቱ አያስጨንቅ፤ ብረቱን የሚበላው ቀዩ ዝገት ነው።

ስለት፦ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። «የማይዝግ» የሚለው ጽሑፍ ስለ ጥንካሬ ምንም አይናገርም። 420 የሚባለው የማይዝግ ብረት (ቁጥሩ የብረቱ ዓይነት መለያ ነው) ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ ቶሎ ይደንዛል፤ 440ሲ ወደ 1 በመቶ ካርቦን ስላለው ስለቱን ይዞ ይቆያል። ከካርቦን ብረቶች 1095 የሚባለውም በካርቦን መጠን ለዚሁ ይቀርባል። ይህ ሁሉ ግን ብረቱ በእሳት በአግባቡ ከጠነከረ ነው። እኔ በርካሽ ሰንጢ ላይ የታተመ ቁጥርን በሙሉ ልብ አላምንም።

ማግኔት፦ ሻጩ «ማግኔት አይስበውም፣ ምርጥ ብረት ነው» ቢላችሁ አልፋችሁ ሂዱ። ለስለት የሚጠነክሩት የማይዝጉ ብረቶችም በማግኔት ይሳባሉ።

መሳል፦ የካርቦን ብረቱ በተራ ድንጋይ ይሳላል፤ 440ሲ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ሰንጢውን ኪሱ ውስጥ ረስቶ ዝናብ ለሚመታው፣ ፍራፍሬና ሥጋ ለሚቆርጥ የማይዝገው ይስማማዋል። እንጨት ለሚቀርጽ፣ ማታ ማታ ወልውሎ ዘይት መቀባት ለማይሰለቸው ደግሞ ካርቦኑ።