ክሊኒካል (የሆስፒታል ልምምድ) የሌለው የአርኤን (የተመዘገበ ነርስ) ዲፕሎማ ለሚሸጥላችሁ ሰው ገንዘብ አትክፈሉ

አሜሪካ ውስጥ ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) ወይም ኤልፒኤን (ከአርኤን በታች ያለ ነርስ) ሆናችሁ የምትሠሩ፣ አርኤን ለመሆን ገንዘብ የምታጠራቅሙ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ ለማንም አትክፈሉ።

እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ነርስ ነኝ። ሰሞኑን አንዲት የማውቃት ኤልፒኤን ስልኳ ላይ የተላከላትን መልእክት አሳየችኝ። ሰውዬው ሀበሻ ነው፤ «እህቴ» እያለ ነው የሚጽፍላት። ትምህርት ቤቱ ሌላ ስቴት ነው። ክላስ መግባት የለም፣ ሆስፒታል ሄዶ መለማመድ የለም። 12 ሺህ ዶላር ትከፍያለሽ፣ ግማሹን አሁን በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ትልኪያለሽ፣ ትራንስክሪፕትና ዲፕሎማው ይመጣልሻል፣ ከዚያ ለኤንክሌክስ (ለነርስ ላይሰንስ ፈተና) ትመዘገቢያለሽ ይላል። ዕቁቧ ሊወጣላት ስለነበር ልትልክለት ተዘጋጅታ ነበር። ደግነቱ ከመላኳ በፊት ጠየቀችኝ።

ይህ በፌደራል ሕግ የሚያስከስስ ማጭበርበር ነው። ከዚህ በፊትም ሆኗል። ጃንዋሪ 2023 ኤፍቢአይ «ኦፕሬሽን ናይቲንጌል» የተባለውን ምርመራ ውጤት ይፋ አደረገ። ደቡብ ፍሎሪዳ ውስጥ በነበሩ ሦስት የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ስም ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ ዲፕሎማ ተሽጧል ተብሎ 25 ሰዎች ተከሰሱ። ገዢዎቹ አብዛኞቹ እንደኛው ቀድሞ ሕክምና አካባቢ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። ትምህርት ቤቶቹ ዛሬ ተዘግተዋል።

ደላሎቹ የሚያባብሉት «ፈተናውን ካለፍሽ ማን ይጠይቅሻል» እያሉ ነው። በፍሎሪዳው ጉዳይ 2,400 ያህል ሰዎች ኤንክሌክስን አልፈው ነበር። ማለፋቸው አላዳናቸውም። የየስቴቱ ቦርድ ኦፍ ነርሲንግ፣ ማለትም የነርስ ላይሰንስ የሚሰጠው አካል፣ ስማቸውን እየለቀመ የብዙዎቹን ላይሰንስ ሰረዘ ወይም አስመለሰ። ላይሰንስ የሚሰጠው ትምህርቱም ፈተናውም ሲሟላ ነውና። ሐሰተኛ ሰነድ ያስገባ ሰው በእጁ ያለውን የኤልፒኤን ላይሰንስም ሊነጠቅ ይችላል። ዜግነት ላልያዘ ሰው ደግሞ ጣጣው ኢሚግሬሽን ድረስ ሊሄድ ይችላል።

በሽተኛውንም አስቡት። አንድ ሰው እየተዳከመ መሆኑን በመልኩና በአተነፋፈሱ መለየት የሚለመደው አስተማሪ አጠገባችሁ ቆሞ፣ ክሊኒካል ላይ ነው። እናቴ አልጋ ላይ ተኝታ ያንን ያልተማረ ሰው መድኃኒት እንዲሰጣት አልፈልግም። እናንተም አትፈልጉም።

ከኤልፒኤን ወደ አርኤን የሚያሸጋግር እውነተኛ ፕሮግራም አለ። ቲዎሪው ኦንላይን ቢሆንም ችግር የለውም። ክሊኒካሉ ግን በአካል ነው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ትምህርት ቤቱ ያለበትን ስቴት ቦርድ ኦፍ ነርሲንግ ድረ ገጽ ክፈቱና የጸደቁትን ፕሮግራሞች ዝርዝር እዩ። ስሙን ብቻ ሳይሆን አድራሻውንና ደረጃውንም አስተያዩ። ለኤልፒኤን ብቻ ፈቃድ ይዞ አርኤን አስተምራለሁ የሚል አለና። «ፈቃዱ በሂደት ላይ ነው» ከተባላችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። ብዙ ቦርዶች የየትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ስንት በመቶው ኤንክሌክስን በመጀመሪያ ሙከራ እንዳለፉ ያወጣሉ፤ እሱንም ተመልከቱ። የምትኖሩበት ስቴት ቦርድም ይቀበለው እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁ። በመጨረሻ ከነርሲንግ ትምህርት እውቅና ሰጪዎቹ ኤሲኢኤን ወይም ሲሲኤንኢ እውቅና ሰጥቶት እንደሆነ አረጋግጡ። ያ ከሌለ ነገ ቢኤስኤን (የነርሲንግ ባችለር ዲግሪ) ልማር ስትሉ ክሬዲታችሁን የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ ልታጡ ትችላላችሁ።

ትክክለኛው መንገድ ረጅም ነው፤ አልዋሻችሁም። ኤልፒኤን አንድ ዓመት ገደማ፣ ለአርኤን የሚያበቃው አሶሺየት ዲግሪ ቅድመ ኮርሶቹን ሳይጨምር ሁለት ዓመት ገደማ ይወስዳል። በኛ አካባቢ ሞንትጎመሪ ኮሌጅና ኖቫ (ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) አሉ። ለመግባት ፉክክር አለ፤ ደላሎቹም የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። ግን አናቶሚውንና ማይክሮባዮሎጂውን እየሠራችሁ ቀስ ብላችሁ መጨረስ ትችላላችሁ። ፋፍሳ (የፌደራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ) ሙሉና የፔል ግራንት (የማይመለስ ድጎማ) ይደርሳችሁ እንደሆነ እዩ።

ሲኤንኤ ለመማር ያሰባችሁ ደግሞ ይህን እወቁ። የፌደራል ሕጉ የሚጠይቀው ቢያንስ 75 ሰዓት ነው፤ አንዳንድ ስቴት ይጨምርበታል። ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) የሚቀበል ነርሲንግ ሆም የቀጠረውን ሠራተኛ የሲኤንኤ ስልጠና ማስከፈል አይችልም። በራሳችሁ ከፍላችሁ ተምራችሁ በ12 ወር ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ከተቀጠራችሁም ገንዘቡ የሚመለስበት ደንብ አለ። ስትቀጠሩ ጠይቁ።

ሀገር ቤት ነርስ የነበራችሁ ከዜሮ መጀመር የለባችሁም። ትራንስክሪፕታችሁ ከተማራችሁበት ኮሌጅ በቀጥታ ወደ ሲጂኤፍኤንኤስ፣ አሁን ትሩሜሪት ወደሚባለው ድርጅት፣ ሄዶ ይገመገማል። ለዚህ ደላላ አያስፈልግም።

ቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ የዜል ደረሰኙንና መልእክቶቹን አታጥፉ። ዲፕሎማው እጃችሁ ከገባ ለቦርዱ እንዳታስገቡት። መጀመሪያ የነርስ ላይሰንስ ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ አማክሩ፤ ከዚያ ለስቴታችሁ አቶርኒ ጄኔራል የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አመልክቱ።