ኬስትሬል 2500 ከስልክ ማስያ ጋር ወይስ ኬስትሬል 5700 ኤሊት? ለሩቅ ዒላማ የቱ ያዋጣል

የረጅም ርቀት ዒላማ ተኩስ የጀመረ ሰው ከጠብመንጃውና ከስኮፑ ቀጥሎ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ነፋስ መለኪያና ባለስቲክ ማስያ (ጥይቱ በርቀት ምን ያህል እንደሚወርድና በነፋስ እንደሚገፋ የሚያሰላ) አንድ ላይ የያዘውን ውዱን ኬስትሬል 5700 ኤሊት ልግዛ ወይስ ቀላሉን መለኪያ ኬስትሬል 2500 ገዝቼ ስሌቱን በስልኬ ልሥራ? ለአብዛኛው ሰው 2500ው ይበቃል። 5700 ኤሊት የ2500ን አራት እጥፍ ያህል ያስከፍላል። ያን ሁሉ ገንዘብ ማስያው ላይ ከማፍሰስ የጥይት ፍጥነት መለኪያ መግዛት ይሻላል፤ ዒላማው ላይ የሚታየው ለውጥ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ማስያ ስለ አየሩ የሚፈልጋቸው ዋና ቁጥሮች ሁለት ናቸው፤ ግፊትና ሙቀት። 2500ው ሁለቱንም ይለካል፣ ነፋስም ይጨምራል። የሌለው የእርጥበት መለኪያ ነው፤ ለእሱ ተብሎ ግን ተጨማሪ መክፈል አያስፈልግም። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አየሩ ፍጹም ደረቅ ከሆነበት እስከ ጠገበበት ድረስ ጥግግቱ የሚለወጠው ከ1 በመቶ ባነሰ ነው። ብዙ ሰው እርጥብ አየር ይከብዳል ብሎ ያስባል እንጂ እንዲያውም ከደረቁ ይቀልላል። ማስያው ላይ 50 በመቶ ብላችሁ ተዉት። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲለወጥ ግን ጥግግቱ 3.5 በመቶ ያህል ስለሚለወጥ እዚያ ላይ መጠንቀቅ ይገባል።

ትልቁ ስህተት የሚሠራው ግፊት ላይ ነው፤ ውዱን የገዛም ርካሹን የገዛም እኩል ይወድቅበታል። የአየር ትንበያ የሚነግረን ግፊት ወደ ባሕር ጠለል ተመልሶ የተሰላ ነው። ጥይቱ የሚያልፈው ግን እናንተ በቆማችሁበት ቦታ ባለው አየር ውስጥ ነው። በመደበኛ አየር 1500 ሜትር ከፍታ ላይ ትክክለኛው የቦታው ግፊት 846 ሄክቶፓስካል ያህል ነው። እዚያ ቆሞ 1013 ብሎ ያስገባ ሰው ማስያውን አየሩ 20 በመቶ የወፈረ ነው ብሎ ያሳስተዋል፤ ባለ 175 ግሬን .308 ጥይት (ግሬን የጥይቱ ክብደት መለኪያ፣ .308 ደግሞ ካሊበሩ ነው) በ1000 ሜትር ላይ ከ1 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ያልፋል። ኬስትሬል ላይ መፍትሔው ቀላል ነው፦ የግፊቱ ገጽ ላይ ማመሳከሪያ ከፍታውን ዜሮ አድርጉት፤ ያኔ የሚታየው የቦታው ግፊት ይሆናል። ስልኩ ላይም ያስገባችሁት ግፊት የቦታው መሆኑን የሚገልጸውን ምርጫ አብሩ። ካልበራ ማስያው ከፍታውን ሁለተኛ ጊዜ ይቀንስበታል።

ነፋስን በተመለከተ ኤሊቱ ኮምፓስ ስላለው የጎን ነፋሱን ራሱ ያሰላል። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ሦስት ቁጥሮችን በቃል መያዝ ይተካዋል፦ ነፋሱ ከተኩሱ መስመር በ30 ዲግሪ ሲመጣ ግማሹን፣ በ45 ዲግሪ 0.7ቱን፣ በ90 ዲግሪ ሙሉውን ቁጠሩ። ኮምፓሱ ደግሞ ባትሪ በተቀየረ ቁጥር እንደገና መስተካከል አለበት፤ መሣሪያውን ቀጥ አድርጎ አቁሞ ቀስ እያሉ ሦስት ጊዜ ማዞር ነው። ይህን ረስቶ፣ ወይም ጠብመንጃው ብረት አጠገብ አስጠግቶ የለካ ሰው የተሳሳተ አቅጣጫ በልበ ሙሉነት ይጠቀማል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁለቱም መሣሪያዎች የሚለኩት እናንተ ዘንድ ያለውን ነፋስ ብቻ ነው። በ900 ሜትር ላይ 1 ሜትር በሰከንድ የጎን ነፋስ ይህንኑ የ.308 ጥይት ግማሽ ሜትር ያህል ይገፋዋል። መሐል ሜዳ ላይ ያለውን ሣርና የሙቀት ሞገድ የሚያነበው ዓይን ነው፤ ያንን በአራት እጥፍ ዋጋም አትገዙትም።

አሁን ወደ ተረፈው ገንዘብ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የጥይት ፍጥነት የአምራቹ መሞከሪያ አፈሙዝ ፍጥነት ነው፤ የእናንተ አፈሙዝ አጠር ካለ ዝቅ ይላል። የ10 ሜትር በሰከንድ ስህተት በ1000 ሜትር ላይ 30 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ያስታል። ጋርሚን ዜሮ ሲ1 ፕሮን የመሰለ የራዳር ፍጥነት መለኪያና 2500ው ተደምረው ከኤሊቱ ዋጋ ብዙም አይርቁም። ቢያንስ 10 ጥይት ተኩሳችሁ አማካዩን አስገቡ፤ የዕለቱን ሙቀትም አብራችሁ መዝግቡ፣ ባሩዱ በብርድና በሙቀት ፍጥነት ስለሚቀያይር። ስልኩ ላይ የሆርናዲ ባለስቲክ ማስያ ያለ ክፍያ ይገኛል። ባለስቲክ ኮፊሸንቱን (ጥይቱ የአየሩን መጎተት ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚገልጸውን ቁጥር) ስታስገቡ ጂ1ን ከጂ7 አታምታቱ፤ ሁለቱ ቁጥሩ የሚነጻጸርባቸው የተለያዩ መደበኛ የጥይት ቅርጾች ናቸው፤ የሲዬራ 175 ግሬን ማችኪንግ በጂ1 0.505፣ በጂ7 ደግሞ 0.243 አካባቢ ነው። 0.505ን ጂ7 በሚል ያስገባ ሰው ጥይቱ ከዒላማው ሥር አፈር ሲመታ ጠብመንጃውን ይወቅሳል።

ከ2500 በታች በጣም ርካሽ የሆኑ ነፋስ መለኪያዎች ሞልተዋል። ብዙዎቹ የግፊት መለኪያ ጭራሽ የላቸውም፤ ከፍታ ያሳያል ተብሎ ከተጻፈባቸውም አንዳንዶቹ ቁጥሩን እናንተ እንድታስገቡ ይጠብቃሉ። የሙቀት መለኪያቸው ፕላስቲኩ ውስጥ ስለተደበቀ እጅና ፀሐይ ያሞቁታል፤ ጥላ ውስጥ ካለው አየር ብዙ ዲግሪ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። ማራገቢያው ሲላላም መቀየሪያ ክፍል አይሸጥለትም። የኬስትሬል ማራገቢያ ግን ሲያረጅ ያለ መፍቻ ይቀየራል፦ አሮጌውን ጫፉን በሁለት አውራ ጣት ገፍቶ ማውጣት፣ አዲሱን ቀስት የተሳለበትን ፊት ወደ ስክሪኑ፣ ቀስቱን ወደ ላይ አድርጎ ማስገባት ነው። በኮምፕሬሰር አየር አታጽዱት፣ ዘይትም አትጨምሩበት።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ማራገቢያው ላይ በስሱ እፍ በሉበት። ጤነኛው ቀስ እያለ ይቆማል፤ በድንገት ቀጥ የሚለው ማሽከርከሪያው አልቋል። ያ ብቻ ከሆነ ግን ዋጋ ማስቀነሻ እንጂ መተዊያ አይደለም። 5700 ከሆነ የባትሪውን ክዳን ክፈቱ፤ ያፈሰሰ ተራ አልካላይን ባትሪ ግንኙነቱን አረንጓዴ አድርጎ ከበላው ተዉት። የራሳችሁ ሲሆን ሊቲየም አድርጉለት።

ኤሊቱ የሚገባው ሰው አለ። በሰዓት ገደብ በውድድር ብዙ ዒላማ የሚመታ፣ ስልኩ በፀሐይ እየጋለ የሚጠፋበት፣ ወይም ጥይቱ ወደ ድምፅ ፍጥነት እስኪወርድ ድረስ ርቆ የሚተኩስ። እዚያ ርቀት ላይ አንድ ነጠላ ኮፊሸንት መሳት ይጀምራል፤ ኤሊቱ የያዛቸው ለእያንዳንዱ ጥይት የተለኩ የአየር መጎተት መስመሮችም ዋጋቸውን የሚያወጡት እዚያ ነው። ከ800 ሜትር ወዲህ ግን 2500ው፣ አንድ የፍጥነት መለኪያና ስልክ ያለው ሰው፣ ኤሊት ይዞ ፍጥነቱን ከካርቶን ላይ ካነበበው ሰው በተሻለ ይመታል።