ለጉንፋን፦ እንፋሎት መታጠን ወይስ አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብ?

ሲሊያ የሚባሉት የአየር ቧንቧ ጥቃቅን ፀጉሮች በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል እየተወዛወዙ ንፍጥና አክታን ወደ ጉሮሮ ይገፋሉ። ኢንፍሉዌንዛ ፀጉሮቹን የተሸከሙትን ሴሎች ያረግፋል፤ ንፍጡ ባለበት ይቆማል፣ ሴሎቹ እስኪተኩም ሳምንታት ይፈጃል። ከሁለቱ መላዎች አንዱም ቫይረሱን አይገድልም።

እንፋሎት፦ ወጪው ውሃና ከሰል፣ ካለም የባሕር ዛፍ ቅጠል። ንፍጡን ለጊዜው ያላላል እንጂ ጠርጎ አያወጣም። ነጠላ ተከናንቦ የፈላ ድስት ላይ ሲያጎነብሱ ድስቱ ቢገለበጥ ጭንና ሆድ ይላጣል። ሕፃን በፍጹም አይታጠን።

የጨው ውሃ፦ አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም 250 ሚሊ ሊትር፣ ውሃ አፍሉ። ድሬዳዋ 1 ደቂቃ መፍላቱ ይበቃል፤ ሐረር ከፍታው ስለሚጨምር እስከ 3 ደቂቃ ቢቆይ ይሻላል። ለብ ሲል ግማሽ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው አሟሙበት። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያው ላይ ነጭ ቅርፊት ይጥላል፤ አስጠልላችሁ ከላይ ቅዱ። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ፣ አንገት ዘንበል አድርጎ፣ በአፍ እየተነፈሱ በላይኛው ቀዳዳ ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው፤ በታችኛው ይወጣል። ካቃጠለ ጨው አንሷል ወይም በዝቷል። ያልፈላ የቧንቧ ውሃ ግን አይሞከርም፦ አልፎ አልፎ የሚገኝ አሜባ በአፍንጫ አልፎ አንጎል ውስጥ ይገባል፣ ይገድላል።

ንፍጡ ወፍሮ ለተዘጋበት፣ በተለይ በድሬ ደረቅ ሙቀት፣ የጨው ውሃው ያዋጣል። በሐረር ብርድ ምሽት ጉሮሮው ለከረከረው አዋቂ ከትኩስ ሻይ ኩባያ የሚወጣው እንፋሎት ይበቃዋል። ትንፋሽ ካጠረ ወደ ጤና ጣቢያ።